መሠረታዊ የምልክት ቋንቋ ለሙያ ተሃድሶ አማካሪ ይበቃል?

እህታችን፣ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የሙያ ተሃድሶ አማካሪ ሆነሽ ልትጀምሪ ነው፤ መሠረታዊ የምልክት ቋንቋ ይበቃኛል ወይ፣ ከምንስ ልጀምር ብለሻል።

ለሰላምታ ይበቃል፣ ለምክር ግን አይበቃም። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ውል የምታወሩ ከሆነ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። የባለጉዳዩን እናት ወይም ወንድም አስተርጓሚ አታድርጊ፤ ዘመድ አሳጥሮ ይነግርሻል፣ የራሱንም ሐሳብ ይጨምርበታል። አስተርጓሚው ከጎንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ይቀመጥ፤ ባለጉዳዩ ሁለታችሁንም ባንዴ ያያል። መስኮት ከጀርባችሁ ከሆነ ፊታችሁ ይጨልምበታል። አንድ አስተርጓሚ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ካለፈው ድካሙ በትርጉሙ ላይ መታየት ይጀምራል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚቆይ ነገር ሁለት ሆነው ይቀያየሩ።

ስለ ሥራ ከማንሣትሽ በፊት ቋንቋውን አጣሪ። መስማት የተሳነው አፍ ሳይፈታ ነው ወይስ ከፈታ በኋላ? የምልክት ቋንቋ ተምሯል ወይስ ያለው ከቤተሰቡ ጋር የፈጠረው ምልክት ብቻ ነው? ኦዲዮግራም (የመስማት ምርመራ ውጤት የሚያሳየው ሰንጠረዥ) ይህን አይነግርሽም። እኩል የ90 ዴሲቤል የመስማት ጉድለት ከሚያሳዩ ሁለት ሰዎች አንዱ ጋዜጣ ያነባል፣ ሌላው የቅጥር ቅጽ መሙላት ያቅተዋል። በጽሑፍ የተሰጠ ፈተና ውጤቱ ዝቅ ካለ የለካሽው ቋንቋውን ሊሆን ይችላል፣ ችሎታውን አይደለም። የሥራ ናሙና ይሻላል፦ የተፈታታ ዕቃ ስጪውና ሲገጥም እዪ። ከንፈር ያነባል ሲሉሽም ብዙ አትመኪበት፤ በ፣ ፐ እና መ ከንፈር ላይ አንድ ናቸው፣ ከ እና ገ ጭራሽ አይታዩም።

ጭንቅላቱን ነቀነቀ ማለት ገባው ማለት አይደለም፤ «እያየሁሽ ነው፣ ቀጥዪ» ማለቱ ሊሆን ይችላል። «ገባህ?» ከምትዪው «ነገ የት ትሄዳለህ? በስንት ሰዓት? ምን ይዘህ?» ብለሽ አስመልሺው። ቀጠሮ የቀረን ሰው «ግድ የለውም» ብሎ ፋይሉ ላይ መጻፍ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ግን እንዲህ አስመልሰሽው እንደነበር አረጋግጪ።

ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር ልጨምር። ደብዘዝ ባለ ቦታ የሚደናቀፍ ወይም ከጎኑ የሚሰጠውን ምልክት የሚስት ወጣት ካጋጠመሽ ለዓይን ምርመራ ላኪው። አሸር ሲንድረም ሊሆን ይችላል፤ የመስማት ችግሩ ላይ ዕይታው ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ይሄዳል። ይህን የመንጃ ወይም የማሽን ሥልጠና ካስጀመሩት በኋላ ማወቅ ለእሱ ከባድ ነው።

አሠሪዎች «ጫጫታ አይረብሸውም» እያሉ ማሽን የሚያገሳበት ክፍል መመደብ ይወዳሉ። የተረፈ የመስማት አቅም ካለው ጫጫታው ያንኑ ይጎዳበታል፤ የመስሚያ መሣሪያውም ጫጫታውን አብሮ ያጎላዋል። በሥራው ውስጥ ድምፅ የሚጠይቀውን ብቻ ለይተሽ ጻፊ፦ ስልክ፣ የእሳት ደወል፣ የፎርክሊፍት (ዕቃ ማንሻ መኪና) ጥሩምባ፣ የጠዋት ስብሰባ። ለደወሉ ብልጭ የሚል መብራት ወይም የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ፣ ለስልኩ የጽሑፍ መልእክት ይተካል፤ ለፎርክሊፍቱ የመተላለፊያ መስመር ይለያል። ሁሌ የሚረሳው ስብሰባው ነው።

ከተቀጠረም በኋላ ፋይሉን ለመዝጋት አትቸኩዪ። በተለይ አለቃ ሲቀየር ሄደሽ ከአዲሱ ጋር ተነጋገሪ፤ የፈረቃ ለውጥ በቃል ተነግሮ፣ እሱ ሳያውቅ ቀርቶ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚጻፍበት ያኔ ነው።