የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ከዋዜማው ዝግጅት እስከ አውሮፕላኑ ወንበር

ስለ አየር ጉዞ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ በረራው ሳይሆን ከበረራው በፊት ስላሉት ሰዓታት ነው። ትክክልም ናቸው። ኤርፖርት ላይ ሰው የሚያስቀረው ነገር ብዙ ጊዜ በዋዜማው፣ ገና ቤት ሳሉ ሊታይና ሊስተካከል የሚችል ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን እንደሚከተለው መልሰናል።

ትኬቴ ላይ የመነሻ ሰዓቱ 00:30 ይላል። ስንት ሰዓት ቀድሜ ልሂድ? አንዱ ሁለት ሰዓት፣ ሌላው አራት ሰዓት ይለኛል።

ከሰዓቱ በፊት ቀኑን ያረጋግጡ። 00:30 ማለት እኩለ ሌሊት ካለፈ ከ30 ደቂቃ በኋላ ነው። ትኬቱ 15ኛውን ቀን የሚያሳይ ከሆነ ከቤት የሚወጡት በ14ኛው ቀን ምሽት ነው። በ15 ምሽት ሻንጣ እየጎተተ የሚመጣ ተጓዥ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ሲል ነው የሚደርሰው። ይህ ስህተት ከሚገመተው በላይ ይበዛል።

ከዚያ በኋላ ከመነሻው ሰዓት ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ትኬቱ ላይ የሰፈረው አውሮፕላኑ ከቆመበት የሚንቀሳቀስበት ሰዓት እንጂ እርስዎ የሚሳፈሩበት አይደለም። የመሳፈሪያው በር ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል። የቼክ ኢን ካውንተሩ ደግሞ በዓለም አቀፍ በረራ በአብዛኞቹ አየር መንገዶች 60 ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋል፤ ቀደም የሚሉም አሉ። አንዴ ከተዘጋ በልመና አይከፈትም፤ የተሳፋሪውና የጭነቱ ዝርዝር ተጠናቅቆ የአውሮፕላኑ ክብደት እየተሰላ ነውና። በዚህ ላይ የሻንጣ ወረፋ፣ ኢሚግሬሽን፣ ፍተሻና እስከ በሩ ያለው የእግር መንገድ ሲጨመር ለዓለም አቀፍ በረራ 3 ሰዓት፣ ለአገር ውስጥ 2 ሰዓት መባሉ የተጋነነ አይደለም። አራት ሰዓት ቀድሞ መሄድ ግን እምብዛም አይጠቅምም። ካውንተሩ ገና ሳይከፈት ደርሰው ሻንጣ ሲጠብቁ ይቆያሉ።

በስልክ ወይም በኮምፒውተር ቼክ ኢን ማድረግ እንደ አየር መንገዱ ከበረራው 24 ወይም 48 ሰዓት በፊት ይከፈታል። ወንበር ለመምረጥ ጥሩ ነው፤ የፍተሻውን ወረፋ ግን አያሳጥርም፤ ሻንጣ የሚያስረክብ ሰውም ካውንተሩ ከመዘጋቱ በፊት መድረሱ አይቀርለትም።

ትኬቴ ላይ ስሜ ውስጥ አንድ ፊደል ተሳስቷል፤ መጨረሻው ላይም «ሚስተር» የሚለው ተጣብቆበታል። ይከለክሉኛል?

የተጣበቀው ማዕረግ ምንም አይደለም፤ የቦታ ማስያዣው ሥርዓት ራሱ ነው እንደዚያ የሚጽፈው። የፊደሉ ስህተት ግን ዛሬውኑ መታረም አለበት። ማወዳደሪያዎ በፓስፖርትዎ የፎቶ ገጽ ግርጌ ያሉት ሁለት መስመሮች ናቸው። ማሽኑ የሚያነበው እነዚያን ነው፤ ትኬቱም ከእነሱ ጋር መግጠም አለበት። ለማረም ትኬቱን ለሸጠልዎ ይደውሉ። ከወኪል የተገዛ ትኬት ብዙ ጊዜ አየር መንገዱ ቢሮ ሲሄዱ «ወደ ወኪሉ ይመለሱ» ስለሚባል ቀጥታ እዚያ ይጀምሩ። ጥቂት ፊደል ማረም ቀላል ነው፤ ስምን በሌላ ሰው ስም መለወጥ ግን አብዛኞቹ አየር መንገዶች አይፈቅዱም።

እግረ መንገድዎን ፓስፖርቱ የሚያበቃበትን ቀንም ይዩ። ብዙ አገሮች ከጉዞው በኋላ ቢያንስ 6 ወር እንዲቀረው ይጠይቃሉ፤ ባዶ ገጽም የሚፈልጉ አሉ። በትራንዚት የሚያልፉበት አገር የራሱ ቪዛ ሊጠይቅ እንደሚችል አይርሱ። የካውንተሩ ሠራተኛ ይህን ሁሉ የሚያጣራው ለክፋት አይደለም። ሰነድ ያልተሟላለት መንገደኛ ከመድረሻው ሲመለስ ወጪውም ቅጣቱም የሚያርፈው አየር መንገዱ ላይ ነው።

30,000 ሚሊአምፒር የሚል ፓወር ባንክ አለኝ። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ልክተተው ወይስ በእጄ ልያዝ?

ትልቁ ሻንጣ ውስጥ በፍጹም አይሆንም። ሊትየም ባትሪ ሲበላሽ ወይም ሾርት ሲያደርግ ይግላል፤ ሙቀቱም ራሱን እያባባሰ ወደ እሳት ይሄዳል። ካቢን ውስጥ ከሆነ የበረራ አስተናጋጆች አይተው ነበልባሉን ያጠፉታል፣ ደጋግመው ውሃ እያፈሰሱም ያቀዘቅዙታል። ጭነት ክፍል ውስጥ ግን የሚያየው የለም። እዚያ ያለው የማጥፊያ ጋዝ ነበልባሉን ቢያፍነውም ባትሪው ውስጥ ያለውን ሙቀት አያስቆምም።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ። አየር መንገዶች የሚለኩት በዋት ሰዓት ነው። ሚሊአምፒሩን ለ1,000 ያካፍሉና በ3.7 ቮልት ያባዙ፦ 30 ሲባዛ በ3.7፣ 111 ዋት ሰዓት ይሆናል። በዓለም አቀፉ ደንብ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ በእጅ ይያዛል። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከሁለት በላይም አይሆንም። ከ160 በላይ ጨርሶ አይገባም። የእርስዎ እንግዲህ መካከለኛው መደብ ውስጥ ወድቋል፤ ሳያስፈቅዱ ከሄዱ ፍተሻ ላይ ሊወሰድብዎት ይችላል። 20,000 የሚለው 74 ዋት ሰዓት ስለሆነ ችግር የለበትም። ሲያሰሉ የቻርጅ ማድረጊያ ቀዳዳውን 5 ቮልት አይውሰዱ፤ የሚቆጠረው የባትሪው የውስጥ ቮልቴጅ ነው። ጽሑፉ የተፋቀ ፓወር ባንክም ይወሰዳል፤ ፈታሹ መጠኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውምና።

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ መሬት ላይ ቆሞ የነበረ የመንገደኞች አውሮፕላን ከተቃጠለ በኋላ ፓወር ባንክ ተጠርጣሪ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ በርካታ አየር መንገዶች ፓወር ባንክ ከራስ በላይ ባለው የዕቃ ማስቀመጫ እንዳይቀመጥ ከልክለዋል፤ በበረራ ላይ እንዳይጠቀሙበትም የሚያዙ አሉ። ኪስዎ ወይም ከፊትዎ ባለው የወንበር ኪስ ይሁን።

አንድ ወጥመድ አለ። አውሮፕላኑ ሲሞላ የእጅ ሻንጣዎን በሩ ላይ ተቀብለው ወደ ጭነት ክፍል ሊልኩት ይችላሉ። ያኔ ፓወር ባንኩን፣ ትርፍ ባትሪዎችንና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማውጣት የእርስዎ ኃላፊነት ነው። ሁሉንም በአንድ ትንሽ ቦርሳ ካኖሯቸው መዞ ማውጣት ብቻ ነው።

ግማሽ የቀረው የጥርስ ሳሙና ወሰዱብኝ። ውስጡ ያለው እኮ 100 ሚሊሊትር አይሞላም ነበር!

የሚታየው ዕቃው ላይ የተጻፈው መጠን ነው እንጂ የቀረው አይደለም። 150 የሚል ቱቦ ባዶ ሊሆን ትንሽ ቢቀረውም አያልፍም። ደንቡ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የቆየ ነው፦ እያንዳንዱ ፈሳሽ ከ100 ሚሊሊትር በማይበልጥ ዕቃ፣ ሁሉም ተደምሮ 1 ሊትር በሚይዝ አንድ የሚታሸግ ግልጽ ከረጢት። ክሬም፣ ጄል፣ ማርና እርጎም ፈሳሽ ይባላሉ። አዲስ የፍተሻ ማሽን ያስገቡ አንዳንድ ኤርፖርቶች ገደቡን አላልተዋል፤ ግን ትራንዚት የሚያደርጉበት ወይም የሚመለሱበት ኤርፖርት እንደ ድሮው ጥብቅ ሊሆን ይችላል። በጥብቁ ደንብ ማሸግ ይሻላል። መድኃኒትና የሕፃን ወተት ከገደቡ ውጭ ናቸው፣ ለብቻ አውጥተው ያሳዩ። ኢንሱሊን የሚወስዱ በእጅ ሻንጣ ይያዙት፤ ጭነት ክፍል ውስጥ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል።

ሻንጣ ቤት ውስጥ እንዴት ይመዘናል? ሁለት አውሮፕላን ስለምቀይርስ የት ነው የምረከበው?

ሻንጣውን አቅፈው ሚዛን ላይ ይውጡ፣ ከዚያ ብቻዎን ይመዘኑና ልዩነቱን ይውሰዱ። ብዙ ትኬቶች ላይ ገደቡ 23 ኪሎ ስለሆነ የቤትዎና የኤርፖርቱ ሚዛን ልዩነት እንዳይጎዳዎ 22 ላይ ያቁሙ። 32 ኪሎ ለአንድ ሻንጣ የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ከዚያ በላይ ቢከፍሉም ብዙ ጊዜ አይቀበሉም፤ የሚያነሱት ሰዎች ወገብ ነው ምክንያቱ።

ሁለተኛው ጥያቄ በትኬቱ ዓይነት ይወሰናል። ሁለቱም በረራዎች በአንድ ትኬት ላይ ከሆኑ ሻንጣው ብዙውን ጊዜ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎም በሌላ የሚያሳፍርዎት አየር መንገዱ ነው። ለየብቻ የተገዙ ከሆኑ ግን ሻንጣውን መሐል ላይ ተቀብለው፣ ምናልባትም ቪዛ ኖሮዎት በኢሚግሬሽን አልፈው፣ እንደ አዲስ ማስረከብ ሊኖርብዎ ነው። ቢዘገይ ኪሳራው የእርስዎ ነው። በርካሽ የተገኘ የተለያየ ትኬት ውድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ካውንተሩ ላይ ሻንጣው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ፤ በትልቁ የተጻፉት ሦስት ፊደላት የመጨረሻው መድረሻዎ ኤርፖርት መለያ መሆን አለባቸው። የድሮ ጉዞ ወረቀቶችን ቀድመው ይቅደዱ፣ ማሽኑ አሮጌውን ሊያነብ ይችላልና። ስምና ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ሻንጣው ውስጥም ያስቀምጡ፤ የውጪው መለያ ተገንጥሎ ሊወድቅ ይችላል።

አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ጆሮዬ ክፉኛ ያመኛል። የስምንት ወር ልጄም ያለቅሳል። ምን ይሻላል?

ካቢን ውስጥ ያለው አየር መሬት ላይ እንዳለው አይደለም፤ ግፊቱ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ያህል ነው። ሲወጡ ከታምቡር ጀርባ ያለው አየር ሰፍቶ በቀላሉ ወደ ጉሮሮ ያመልጣል። ሲወርዱ ግን አየር ተመልሶ መግባት አለበት፣ ጆሮን ከጉሮሮ የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ደግሞ ከጉሮሮ በኩል ተደፍኖ ይቀራል። ሕመሙ ማረፊያው ላይ የሚብሰው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቀድሞ መጀመር ነው። አውሮፕላኑ መውረድ የሚጀምረው ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ገደማ በፊት ነው። በዚያን ጊዜ አይተኙ፤ የተኛ ሰው ምራቅ የሚውጠው አልፎ አልፎ ነው። ማስቲካ ያኝኩ፣ ያዛጉ፣ ውሃ ይጎንጩ። ካልበቃ አፍንጫዎን በጣት ይዘው፣ አፍዎን ዘግተው ቀስ ብለው አየር ይግፉ። ጆሮዎ «ጧ» ሲል ያቁሙ። ይህን ከመታመምዎ በፊት በየጥቂት ደቂቃው ይደጋግሙት። ቱቦው አንዴ በደንብ ከታፈነ በኃይል መግፋት አይከፍተውም፣ ታምቡርን ግን ሊጎዳ ይችላል። አፍንጫዎን ይዘው ውሃ መዋጥ ከመግፋት ይልቅ ለስላሳ ዘዴ ነው።

ጉንፋን ካለብዎ የአፍንጫ መክፈቻ ስፕሬይ ከመውረዱ ግማሽ ሰዓት በፊት ይረዳል፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ። ለሕፃን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ለእሱ ጡት ወይም ጡጦ ይበቃል፣ ሰዓቱን ግን ይጠብቁ። ብዙ እናቶች ለመነሻው አጥብተው ሲጨርሱ ልጁ ጠግቦ ይተኛና በሚያስፈልገው ሰዓት አልጠባም ይላል። መውረጃው ላይ ቀስቅሰው፣ ቀና አድርገው ይዘው ያጥቡት። ሕመሙ ወይም የመስማት መቀነሱ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ከቆየ፣ ወይም ከጆሮ ፈሳሽ ከወጣ ሐኪም ያማክሩ።

በረጅም በረራ እግሬ ያብጣል፣ ሆዴም ይነፋል።

ሆድዎ የሚነፋው በዚያው ግፊት ምክንያት ነው፤ አንጀት ውስጥ ያለ አየር እስከ አንድ ሦስተኛ ገደማ ሊሰፋ ይችላል። ከበረራው በፊት ጋዝ ያለው መጠጥና ጥራጥሬ ይቀንሱ፣ ወገብ የማይዝ ልብስ ይልበሱ።

ሁለቱም እግሮች እኩል ትንሽ ማበጣቸው የመቀመጥ ውጤት ነው፣ ከተራመዱ በኋላ ይጎድላል። ዋናው ስጋት ከ4 ሰዓት በላይ በሚቆይ ጉዞ የሚመጣው የደም መርጋት ነው። የባት ጡንቻ ደምን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ስለሆነ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ደሙ ይዘገያል። በየአንድ ሁለት ሰዓቱ ይነሡ፤ መነሣት ካልቻሉ ተረከዝዎን መሬት ላይ አድርገው ጣቶችዎን ደጋግመው ወደ ላይ ይሳቡ። ከእግርዎ ሥር ቦርሳ አያከማቹ። ቀደም ሲል ደም የረጋባቸው፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉና ነፍሰ ጡሮች እስከ ጉልበት ስለሚደርስ አጥባቂ ካልሲ ሐኪም ያማክሩ፤ አስፕሪን ግን በራስዎ ውሳኔ አይዋጡ። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመና ከጋለ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ እጥረት ከተከተለ ድንገተኛ ክፍል ነው። ይህ ከጉዞው ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

የካቢኑ እርጥበት ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። የዓይን ሌንስ ያላችሁ መነጽር አድርጉ።

መንገጫገጭ የሚያንሰው የት ነው?

ክንፉ አካባቢ። ከኋላ ያሉ ወንበሮች የበለጠ ይናወጣሉ። የትም ይቀመጡ፣ የሚጎዱት ብዙዎቹ ቀበቶ ያላሰሩ ናቸው። ምልክቱ ቢጠፋም ቀበቶው ከሆድ ዝቅ ብሎ ዳሌ ላይ ታስሮ ይቆይ።

ሻንጣዬ ካልመጣስ?

ከኤርፖርቱ ሳይወጡ የሻንጣ አቤቱታ መስኮት ሄደው ሪፖርት ያስሞሉ፣ የማመልከቻውን ቁጥርም ይያዙ። ቼክ ኢን ላይ የተሰጠዎት ባለ 10 አሃዝ ቁጥር ያለው ቁራጭ ወረቀት እዚያ ነው የሚፈለገው። እስኪመጣ ለገዙት አስፈላጊ ነገር ደረሰኝ ያስቀምጡ። እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት በሚመለከታቸው ጉዞዎች ሻንጣው ተጎድቶ ከመጣ በ7 ቀን፣ ዘግይቶ ከመጣ ከተረከቡት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አቤቱታ መቅረብ አለበት። መድረስ ከነበረበት ቀን 21 ቀን ካለፈ እንደጠፋ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ወዲህ የካሣው ጣሪያ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሚጠቀምበት የገንዘብ መለኪያ ነው። አየር መንገዱ የጠፋውን ዕቃ ዝርዝርና ዋጋ ስለሚጠይቅ ሻንጣውን ከመዝጋትዎ በፊት ውስጡን በስልክዎ ፎቶ ያንሡት።