ደርባን፣ ፒሩ አጠገብ በየጧቱ መዋኘት ይቻላል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ከጥምቀት በኋላ ከደብረ ብርሃን ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ወዳለው ባለቤትሽ ልትሄጂ ነው፤ ቤቱ ከባሕሩ በእግር የሚደረስ ነው። አዲስ አበባ ስትማሪ በሆቴል ገንዳ ዋና ለምደሽ ሃያ ዙር ትሄጃለሽ። በየጧቱ ፒሩ (ከባሕሩ ዳር ወደ ውሃው የዘለቀው የእግረኛ መሄጃ) አጠገብ መዋኘት ይቻላል ወይ፣ ሻርኩስ፣ ምን ይለበሳል፣ እዚህ ሆኜስ በምን ልዘጋጅ ነው ያልሽው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሁለት ወገን ሆነዋል፤ ግማሹ «አይሞከርም» ይላል፣ ግማሹ ደግሞ «ገንዳ የቻለ ባሕር አያቅተውም» ይላል። እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። ደርባን ሱቅ ይዤ ዓመታት ኖሬአለሁ፤ ባሕር ዋና የለመድኩትም እዚያው፣ ልጆች ወልጄ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ከሁለቱም ወገን አልስማማም።

ይቻላል። ነገር ግን በባሕር ዋና ከክንድ በፊት ዓይን ይቀድማል። ዳር ቆሞ ውሃውን ማየት፣ ካላማረሽም ልብስሽን ሳታወልቂ ወደ ቤት መመለስ። ሃያ ዙር የምትሄድ ሴት ይህን ካልቻለች አምስት ዙር ሄዳ ከምትመለሰዋ ይልቅ እኔ ለእሷ እፈራለሁ።

ምክንያቱን የሸዋ ሮቢት ሰው ቶሎ ይረዳዋል። ሮቢት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐዩ እያቃጠለ፣ ከላይ ደጋው፣ ጣርማ በር ላይ የጣለው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ይወርዳል፤ ወንዝ ውስጥ ልብስ የምታጥበው ሴት አንድም ደመና አላየችም። የባሕሩም ሞገድ እንዲሁ ነው። ደርባን ላይ ነፋስ የለም፣ ቀኑ ብሩህ ነው፤ የሚመጣው ሞገድ ግን ከቀናት በፊት ወደ አንታርክቲካ በኩል በተነሣ ማዕበል የተገፋ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ሁሌ እኩል አይመጣም። ትንንሾቹ ሲመላለሱ ቆይተው ደቂቃዎች አለፍ ሲሉ ሦስት አራት ትልልቆች ተከታትለው ይደርሳሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ አይቶ «ዛሬ ጸጥ ብሏል» ማለት አይሠራም። ፒሩ ላይ ወጥተሽ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ቁሚ። ሰው ለመናፈስም ለማጥመድም ይወጣበታል። እዚያ ላይ ሆኖ ውሃውን ከላይ ማየት ከአሸዋው ላይ የማይታየውን ሁሉ ያሳያል።

ከላይ የምትፈልጊው በዋናነት ወደ ውስጥ የሚሄደውን ፍሰት ነው። ሞገድ ወደ ዳር የገፋው ውሃ መመለሻ ይፈልጋል፤ ጥልቅ ያለውን ቦይ መርጦ ወደ ጥልቁ ይመለሳል። ፒር ደግሞ በዳር ዳር የሚሄደውን ውሃ ስለሚያግደው፣ ውሃው ፒሩን ተከትሎ ወደ ውጭ ይታጠፋል። እና ይህ ፍሰት ከሩቅ ሲታይ አያስፈራም። ግራና ቀኙ ሞገድ እየተሰበረ ነጭ አረፋ ሲሆን፣ እሱ ያለበት መሐል ለጥ ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ «እዚህ ግቢ» የሚል ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እዚያ ይታያል። አዲስ ሰው ሁሉ ሞገዱን ሸሽቶ እዚያ ይገባል።

ከያዘሽ አትታገዪው። የዓለም ምርጥ ዋናተኞች 100 ሜትር በ47 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳሉ፣ በሰከንድ 2 ሜትር ማለት ነው፤ ኃይለኛ ፍሰትም እዚህ ፍጥነት ላይ ይደርሳል። አንቺና እኔ ልናሸንፈው አይደለም። ወደ ታች አይጎትትሽም፣ ወደ ውጭ ነው የሚወስድሽ፤ ስለዚህ በጀርባሽ ተንሳፈፊ፣ እጅሽን አንሥተሽ አውለብልቢ፣ አቅም ካለሽ ከፒሩ እየራቅሽ በዳሩ አንጻር ወደ ጎን ዋኚ፣ አረፋ ያለበት ስትደርሺ ሞገዱ ራሱ ወደ አሸዋው ይመልስሻል። ወደ ፒሩ ግን አትጠጊ። ምሰሶዎቹ በስለታም ዛጎል የተሸፈኑ ናቸው፣ ሞገድ ቢወረውርሽ ቆዳሽን ይልጣል። ከላይ ደግሞ የዓሣ አጥማጆቹ መንጠቆና ክር አለ። «ፒሩ አጠገብ» ስትዪ ፒሩን ርቀት መለኪያ አድርጊው እንጂ መደገፊያ አታድርጊው።

ላይፍጋርዶቹ (ዋናተኛውን የሚጠብቁት አዳኞች) ጧት ሥራ ሲገቡ ቀይና ቢጫ ባንዲራ ይተክላሉ፤ በሁለቱ ባንዲራ መሐል ዋኚ። የባንዲራው ቦታ ከቀን ቀን ይለዋወጣል፣ ምክንያቱም አሸዋው ራሱ ይንቀሳቀሳል። አሮጌዎቹ ዋናተኞች ከላይፍጋርዱ ቀድመው በንጋት ይገባሉ፣ ልክ ናቸው ወይ ብትዪኝ እነሱ ውሃውን ከልጅነታቸው ያውቁታል። አንቺ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ላይፍጋርዶቹ እስኪመጡ ጠብቂ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፣ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይበዛል። ትናንት በወገብሽ የነበረ ቦታ ዛሬ በዚያው ሰዓት አንገትሽ ሊደርስ ይችላል።

ስለ ሻርክ የጠየቅሽውን ሁሉም ሰው ይጠይቃል። በፈረንጆች 1940ዎቹ ደርባን ላይ ጥቃት ከተደጋገመ በኋላ፣ በ1952 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምነግርሽ) ከዋናዎቹ የባሕር ዳርቻዎች ፊት ለፊት መረብ ተተከለ፤ ዛሬም አለ። ሰው እንደ ግድግዳ ያስበዋል፣ አይደለም። እያንዳንዱ መረብ ወደ 200 ሜትር ርዝመትና 6 ሜትር ቁመት ያለው ሆኖ ውሃው ግን ከዚያ ይጠልቃል፤ ሻርክ በላይም በታችም በጎንም ያልፋል። የሚሠራው ሻርኩን እየያዘ ቁጥሩን በመቀነስ ነው፤ ከሻርኩ ጋር ዔሊና ዶልፊንም ይሞትበታል፣ ለዚህም የሚቃወሙት ብዙ ናቸው። ያም ሆኖ መረብ ባለበት ዳርቻ ከተተከለ ወዲህ ጥቃት በጣም ብርቅ ሆኗል። እኔ በሻርክ ፍርሃት እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ግን አልገባም። አንዱ ሰኔና ሐምሌ አካባቢ ሳርዲን በመንጋ በዳርቻው ሲያልፍ ነው፤ ሻርኩም ዶልፊኑም ወፉም ይከተለዋል፣ መረቡም በዚያ ሰሞን ይነሣል። ያን ጊዜ ፒሩ ላይ ቆሞ ማየት ራሱ በቂ ደስታ ነው።

ሌላው ከዝናብ በኋላ ነው፣ ይህን ደግሞ አጥብቄ እነግርሻለሁ፤ ምክንያቱም አንቺ የምትደርሺው በዝናባቸው ወራት ነው። የእነሱ ዝናብ በሙቀታቸው ወራት፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይበዛል። ዝናብ ሲጥል ወንዞቹና የከተማው ቦዮች ባሕሩን ቡናማ ያደርጉታል። ዛምቤዚ የሚባለው ሻርክ ድፍርስ ውሃ ይወዳል። ከእሱ ይልቅ ግን ብዙ ሰው የሚጎዳው በፍሳሹ ነው። በሚያዝያ 2022 በደረሰው ትልቅ ጎርፍ ከ400 በላይ ሰው ሞቶ፣ የፍሳሽ ማስወገጃው ተበላሽቶ፣ የከተማዋ ዳርቻዎች ለወራት ተዘግተው ነበር። አሁንም ዝናብ በጣለ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እንኳ ውሃው ቡናማ ከሆነ ተመለሺ። የውሃ ምርመራ ውጤትና የመዘጋት ማስታወቂያ ይወጣል፣ ባለቤትሽ ይከታተልልሽ።

ቅዝቃዜውን አትፍሪ። ውሃው በሙቀታቸው ወራት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ነው፣ በብርዳቸው ወራት እንኳ ከ20 ብዙ አይወርድም። የታኅሣሥ ውርጭ ላይ በረንዳ ለጠረግሽ የደብረ ብርሃን ልጅ ይህ ለብ ያለ ነው። (ኬፕ ታውን የሚኖር ዘመድ «ቀዝቃዛ ነው» ቢልሽ እውነቱን ነው፤ የእሱ ባሕር ሌላ ነው።)

ልብስን በተመለከተ ማንም አያይሽም፣ ማለቴ ያይሻል ግን ግድ የለውም። እጅጌውም እግሩም ረጅም የሆነ፣ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ የዋና ልብስ አለ፣ ከፀሐይም ያድናል፤ ሙስሊም እህቶቻችን ራስ የሚሸፍነውን ይለብሳሉ። በጥጥ ቲሸርትና በነጠላ ግን እንዳትገቢ፣ ውሃ ሲጠጣ ከብዶ ይጎትትሻል። ኮፍያው ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ይሁን፤ ጥቁር ኮፍያ ውሃ ውስጥ አይታይም። ወገብ ላይ የሚታሰር ደማቅ ተንሳፋፊ ፊኛ አለ፣ ሲደክምሽ ታርፊበታለሽ፣ ጀልባም ያይሻል፤ ከመነጽሩ ቀጥሎ ገንዘብሽን እሱ ላይ አውጪ። ጨው አንገትና ብብት ስለሚልጥ ቫዝሊን ተቀቢ። ጸጉርሽን ሹሩባ ተሠርተሽ ግቢ፣ ስትወጪ በንጹሕ ውሃ ታጥበሽ ከዚያ ተቀቢ። ቅቤ ተቀብቶ መግባት ግን አይሆንም፤ ኮፍያውም መነጽሩም እየተንሸራተተ ያስቸግርሻል።

ብሉቦትል የሚባል ሰማያዊ ፊኛ የመሰለ ተንሳፋፊ፣ ረጅም ክር ያለው እንስሳ አለ። ነፋስ ከባሕር ወደ የብስ ሲነፍስ ይመጣል፤ አሸዋው ላይ ካየሽው ውሃው ውስጥም አለ። ክሩ ከነካሽ እንደ ሳማ ነው፣ ከዚያም ይብሳል። ክሩን በባዶ እጅ አትንኪው፣ በባሕር ውሃ እጠቢው፣ ከዚያ የሚቻልሽን ያህል ሙቅ ውሃ፣ ሳያቃጥልሽ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል። መተንፈስ ካስቸገረሽ ወደ ሐኪም ነው።

እዚህ ሆነሽ የምትዘጋጂው ርቀት በመጨመር አይደለም። ገንዳ ውስጥ ሃያ ዙር ማለት ሃያ ጊዜ ግድግዳ መግፋት ነው፤ ባሕር ግድግዳ የለውም። ገንዳ ስታገኚ ግድግዳውን ሳትነኪ ተመላለሺ። በጀርባሽ ምንም ሳትሠሪ አምስት ደቂቃ ተንሳፈፊ። በሁለቱም ጎን መተንፈስ ልመጂ፣ ሞገዱ በቀኝ ሲመጣ በግራ ትተነፍሻለሽ። በየጥቂት ቅዘፋው ዓይንሽን ብቻ ከውሃው አውጥተሽ ፊት ለፊት አንድ ነገር ለማየት ሞክሪ። ሮቢት ወርጄ ወንዝ ውስጥ ልለማመድ ያልሽውን ተዪው፤ ዝግ ብሎ የሚሄድ የቆላ ውሃ ቢልሃርዝያ ይኖርበታል፣ ደራሹንም ነግሬሻለሁ። ሌላም አለ፦ 2,800 ሜትር ላይ ኖረሽ ባሕር ዳር ስትወርጂ አየሩ ይሞላልሻል፣ ጨዉም ያንሳፍፍሻል፣ የመጀመሪያው ሳምንት ክንፍ ያወጣሽ ይመስልሻል። የደጋው ጥቅም በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፣ በዚያ ለክተሽ ርቀት አትወስኚ። በጾም ወራት እስከ 9 ሰዓት የምትቆዪ ከሆነም ጧት አጭር ዋኚ፣ ወይም ከሰዓት አድርጊው።

ስትደርሺ በቀጥታ ወደ ትልልቆቹ ፒሮች አትሂጂ። በደቡቡ ጫፍ፣ ወደቡ አጠገብ፣ ቬችስ የሚባል ቦታ አለ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ተጀምሮ ያላለቀ የድንጋይ ግንብ ቅሪት ሞገዱን ስለሚሰብረው ውሃው ረጋ ይላል፣ ዋናተኞችም እዚያ ይሰበሰባሉ። ሰላም በያቸው፣ አብሬያችሁ ልግባ በያቸው፤ እምቢ አይሉሽም። አብዛኞቹ ሕንዶችና ነጮች ሆነው ብታገኚያቸው አይግረምሽ። ዳርቻዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ በዘር የተከፋፈሉ ነበሩና በዕድሜ የገፉ ጥቁሮች ብዙዎቹ ዋና ሳይማሩ ቀርተዋል፤ ልጆቻቸው ግን አሁን እየገቡ ነው። ከለመድሽ በኋላ ዓላማ ከፈለግሽ፣ ከደርባን ወደ ላይ ሚድማር ግድብ ላይ ከ1974 ጀምሮ በየካቲት የሚካሄድ የአንድ ማይል ዋና አለ። ጨው የሌለበት ውሃ ነው፣ ሻርክ የለም፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይገባል።

ባለቤትሽ ዋና አይችልም ብለሻል። ችግር የለውም፣ ፒሩ ላይ ይቁም፤ የኮፍያሽን ቀለም ይወቅ፣ የገባሽበትን ሰዓት ይያዝ። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ ተስማሙ፦ ስትቸገሪ ቢያይ ዘሎ አይገባም። ሌላ ሰው ለማዳን ገብቶ የሚሰጥመው ብዙ ነው። ላይፍጋርዱን ይጥራ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውርልሽ፣ በጣቱም የት እንዳለሽ እያመለከተ ዓይኑን ከአንቺ አያንሣ። በመጀመሪያው ቀን ከመግባትሽ በፊት የላይፍጋርዱ ማማ የት እንደሆነ አብራችሁ ሄዳችሁ እዩት።