የቮልስ ሞተር ግቢ ውስጥ ስለ ማደስ፦ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ

የ1968 ሞዴል 1300 ቮልስዋገን ገዝተው፣ ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ እንደሚያጨስና በቮላኖው (ከክራንኩ ጋር በሚዞረው ከባድ የብረት መንኮራኩር) በኩል ዘይት እንደሚያንጠባጥብ ገልጸው፣ «ሞተሩን ግቢዬ ውስጥ ራሴ ፈትቼ ማደስ እችላለሁ ወይ? ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ብሮንዚና (ክራንኩ ተቀምጦ የሚዞርበት ቀለበት) ከአሁኑ ልግዛ ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከሰርቪስ ቤታችን በረንዳ ሥር ሁለት የቮልስ ሞተሮችን አድሻለሁ። ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ «ይችላሉ» ነው፤ ለሁለተኛው ግን «አሁን ምንም አይግዙ» እላለሁ።

መፍቻ ከማንሣትዎ በፊት ሞተሩን አጥፍተው፣ ከኋላ ያለውን የክራንክ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሌጃ፣ ማለትም የቺንጋውን መንኮራኩር፣ በሁለት እጅዎ ይያዙና ወደ ራስዎ ሳብ፣ መልሰው ገፋ ያድርጉት። በጤነኛ ሞተር ላይ ክራንኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በእጅ እምብዛም አይታወቅም። «ቋ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ግን፣ የመጀመሪያው ብሮንዚና ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራውን ለስላሳ ብሎክ እየቀጠቀጠ መቀመጫውን አስፍቶት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ የዘይት ሲል (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው ጎማ) ቢቀየር በአጭር ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ያፈሳል፤ ብሎኩም ቶርኖ ቤት (ብረት የሚሞረድበትና የሚስተካከልበት ቤት) ገብቶ ካልተስተካከለ የገዙት አዲስ ዕቃ ሁሉ በከንቱ ይቀራል።

ብሮንዚናን አስቀድሞ መግዛት የማይገባበት ሌላም ምክንያት አለ። የቮልስ ዋና ብሮንዚና የሚገዛው በሁለት ቁጥር ነው። የውስጡ ቁጥር ክራንኩን ይከተላል፤ የክራንኩ ዋና ማረፊያ አዲስ ሳለ 55 ሚሊ ሜትር ሲሆን በተሞረደ ቁጥር 0.25 እየቀነሰ ይሄዳል። የውጪው ቁጥር ደግሞ ብሎኩን ይከተላል፤ የብሎኩ ቀዳዳ በመጀመሪያ 65 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሲስተካከል በግማሽ ወይም በአንድ ሚሊ ሜትር ይሰፋል። የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ሄደው ቢጠይቁ «ስታንዳርድ ነው፣ ይገባል» የሚልዎ አይጠፋም። የእኔ የመጀመሪያ ሞተር ክራንክ ግን ከእኔ በፊት በነበረው ባለቤት እጅ አንድ ጊዜ ተሞርዶ ኖሮ፣ ይህን ያወቅሁት ቶርኖ ቤት በማይክሮሜትር ሲለካ ነው።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ሲያስለኩም የጥገና መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ አይውሰዱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ በባሕር ዳርቻ 110 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚያሳይ ሲሊንደር እዚህ 85 አካባቢ ቢያሳይ ሞቷል ማለት አይደለም። በዚህ ምክንያት ብቻ «ሞተርህ አልቋል» የተባሉ ሰዎችን አውቃለሁ። ይልቅ አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ይመልከቱ።

ሞተሩን ማውረዱ ቀላል ነው፤ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ነው፤ ጥሩ ክሪክና አንድ ረዳት ካለዎት ይበቃል። የሚከብደው የቮላኖው መሐል ብሎን ነው፤ የሚጠብቀው በ300 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ማለትም የአንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ እንደ ማንጠልጠል ያህል ነው። ዕቃውን በነጭ ጋዝ ይጠቡ። በቤንዚን የሚያጥቡ ብዙዎች ናቸው፤ ቡና በሚፈላበትና ከሰል በሚቀጣጠልበት ግቢ ግን ይህን አልመክርም።

በመግጠም ጊዜ የደረሰብኝን ልንገርዎ። ዋናዎቹ ብሮንዚናዎች ከቦታቸው እንዳይዞሩ ብሎኩ ውስጥ በተተከሉ ትናንሽ ፒኖች ይያዛሉ፤ የብሮንዚናው ቀዳዳ ልክ ፒኑ ላይ መቀመጥ አለበት። እኔ በጥድፊያ ሁለቱን የብሎክ ግማሾች ገጥሜ ማጥበቅ ጀመርሁ፤ ሦስተኛው ዳዶ ላይ ስደርስ በጣት ይዞር የነበረው ክራንክ ድርቅ አለ። መልሼ ስከፍተው ፒኑ ቀዳዳውን ስቶ አዲሱን ብሮንዚና ጎድጉዶታል። የሚሸጠውም በስብስብ ስለሆነ ለአንድ ስሕተት ሙሉውን እንደገና ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ብሎኩን ከመግጠሜ በፊት የፒኑን ቦታ በብሮንዚናው ጠርዝ ላይ በመርፌ ጭሬ ምልክት አደርጋለሁ፤ እያንዳንዱን ዳዶ ካጠበቅሁ በኋላም ክራንኩን በእጄ አዞራለሁ። ከከበደ ይቆማል፤ ጉልበት አይጨመርም።

በሞተሩ ዙሪያ ያሉትን ላሜራዎችና የጎማ ማሸጊያዎች ደግሞ አንድም ሳይጥሉ ይመልሱ። ብዙ ጋራዦች «አያስፈልግም» ብለው ያስቀሯቸዋል፤ ነገር ግን በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ያለ እነሱ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። በእርስዎ ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ስለተቀመጠ ቀድሞ የሚጎዳው ያ ሲሊንደር ነው፤ ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ሲያወርዱም የእሱን የጭስ ቫልቭ አስቀድመው ይመርምሩ።

ሁሉም ተገጥሞ 2.5 ሊትር ዘይት ሲገባ ወዲያው አያስነሡት። ካንዴላዎቹን አውጥተው፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ያሽከርክሩት። ለአሁኑ ግን የሚጠበቅብዎ ፑሌጃውን መነቅነቅ ብቻ ነው፤ ድምፅ ካለው ወይም ከሌለው ይጻፉልኝና ቀጥሎ ወደ ቶርኖ ቤት ምን መላክ እንዳለበት እናያለን።