ለደብረ ሲና ጋቢ ወይስ ጥላ?

ሰሞኑን ግብፅ ያለውን ደብረ ሲናን ለመሳለም የምትነሡ በዝታችኋል መሰለኝ፣ ጥያቄው ሁሉ ስለ ሌሊቱ የተራራ ጉዞ ሆኗል።

«በረሃ ስለሆነ ስስ ልብስ ብቻ ልይዝ ነው። ይበቃኛል?» ከዱባይ

አይበቃሽም እህቴ። ጫፉ 2,285 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ለአዲስ አበባ ልጅ ምንም አይደለም፣ ዱባይ የከረመ ሳንባ ግን ትንሽ ያለከልካል። ብርዱ ነው ዋናው። በረሃ ሙቀቱን የሚያቅፍበት ደመና ስለሌለው ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም ወደ ሰማይ ያመልጣል፤ በታኅሣሥና በጥር በረዶ የሚጥልበት ጊዜም አለ። ሰውን የሚጥለው ደግሞ የገዛ ላቡ ነው። ሦስት ሰዓት ያህል እያላበሽ ወጥተሽ፣ ፀሐይዋን ለማየት ድንጋይ ላይ ስትቀመጪ ያ ላብ ጀርባሽ ላይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ስስ ለብሰሽ ውጪ፣ ጫፍ ስትደርሺ መጀመሪያ ካናቴራሽን ቀይሪ፣ ከዚያ ሹራብና ጋቢ። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ጋቢዬን ሆቴል ትቼ ወጥቼ፣ ከላይ የበረሃው ዘላኖች በደዊኖች የሚያከራዩትን ግመል ግመል የሚሸት ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው የነጋልኝ።

«መሪያችን አንድ ሰዓት ላይ እንነሣለን አለን። የምሽቱን ነው?»

በእኛ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ማለቱ ነው። በዚህች ነገር ተኝቶ የቀረ ሰው አውቃለሁ።

«ያለ መሪ ብቻዬን ብወጣስ?»

አይፈቀድም። ጀበሊያ ከሚባለው የአካባቢው የበደዊን ጎሣ አንድ መሪ መያዝ ግዴታ ነው። በትውፊታቸው የሮም ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ በተራራው ሥር ያለውን የቅድስት ካትሪና ገዳም እንዲጠብቁ ያመጣቸው ሰዎች ዘር ናቸው።

«ጋሼ፣ እናቴ 66 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። በግመል ልውሰዳት?»

ግመሉ እስከ ጫፍ አይደርስም። ከቆመበት በኋላ 750 የድንጋይ ደረጃ በእግር ነው። ደረጃ ስልህ የፎቅ ደረጃ እንዳይመስልህ፤ አንዱ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጣዩ ጉልበት ድረስ የሚመጣ፣ የተሳላሚ እግር ያለሰለሰው ድንጋይ ነው። ግመል ላይ የተቀመጠ ሰው ከሚራመደው ይልቅ ይበርደዋልም። እኔ ብሆን እናቴን ጠዋት ገዳሙን አሳልማት ነበር። ሙሴ ሲነድ ያየው ዕፀ ጳጦስ ያለው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ለጎብኚ ዝግ የሚሆንባቸው ቀኖች ግን ስላሉ አስቀድመህ ጠይቀህ ቀኑን አስተካክል።

«ውሃ ስንት ልያዝ? ጾም ላይ ነኝ።»

ለሌሊቱ ሁለት ሊትር። ደረቁ አየር ላብህን ወዲያው ስለሚያደርቀው የተጠማህ አይመስልህም፣ ሳትጠማም ተጎንጭ። በሶ ከቆሎ ይሻላል። ውሃውንም ልትጾም ካሰብክ ከመሄድህ በፊት የንስሐ አባትህን አማክር።

«በየትኛው መንገድ እንውረድ?»

በግመሉ መንገድ በጨለማ ወጥታችሁ፣ ጉልበታችሁ ደህና ከሆነ ሲነጋ በንስሐው ደረጃ ውረዱ። እስከ ገዳሙ 3,750 ደረጃ ነው፤ ለንስሐ መሠራቱ የሚገባችሁ ስትወርዱ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ፤ ቁልቁለቱ ላይ ከጫማው አፍንጫ ጋር እየተጋጨ ይጠቁራል።