ባሌስትራና ፌሮ ለዳማስከስ ይሆናል ወይ ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን አየሁት፣ ጅማ ነው ያለሁት፣ የአይሱዙ ባሌስትራና ፌሮ አለኝ፣ ደራርቤ ብበይደው ዳማስከስ ቢላ፣ ማለትም ሁለት አይነት ብረት እሳት ላይ ተደራርቦ ተበይዶ አሲድ ሲነካው መስመር የሚያወጣው ቢላ፣ ይወጣዋል ወይ ነው ያልከው። እኔም እዚሁ ሂርማታ ነው ምሰራው። ስለ ወናፉና ስለ ከሰሉ አልነግርህም ታውቀዋለህ፣ ስለ ብረቱ ግን ስማኝ፣ ፌሮውን ተወው።

1. «ለስላሳና ጠንካራ ሲደራረብ ነው ጥሩ» የሚልህን ሰው አትስማው። በብየዳ ሙቀት ማለትም ከ1100 እስከ 1200 ዲግሪ ላይ ብረቱን የሚያጠነክረው ካርቦን ባለበት አይቀመጥም፣ ከባሌስትራው ወደ ፌሮው ይሄዳል፣ ንብርብሩ ከሳሳ በኋላማ ደቂቃዎች ይበቁታል። ባሌስትራ ካርቦኑ 0.6 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ ከፌሮ ጋር እኩል ካካፈልከው 0.4 አካባቢ ይወርዳል፣ ያ ደሞ የወጥ ቤት ቢላ አይሆንም፣ ቶሎ ይዶለዱማል።

2. የሚሆነው የድሮ ሞረድና የእንጨት መሰንጠቂያ ሰፊው ባንድ መጋዝ ነው። ደህና ሞረድ ካርቦኑ ከ1 ፐርሰንት በላይ ነው፣ መጋዙ ደሞ 15ኤን20 የሚባለው አይነት ከሆነ 0.75 አካባቢ ካርቦንና 2 ፐርሰንት ኒኬል አለው። ኒኬል እንደ ካርቦን አይሄድም፣ ባለበት ይቀራል፣ ለዛ ነው አሲድ ሲነካው ሞረዱ ጠቁሮ መጋዙ ብር መስሎ የሚታየው። ሁለቱም 800 ዲግሪ አካባቢ ሞቀው ዘይት ውስጥ ስለሚጠነክሩ አንዱ ሌላውን አይጥለውም።

ችግሩ መጋዙን ማግኘት ነው። አንድ መስሪያ ቤት የተሰበረ መጋዝ ዝናብ እየመታው ግቢ ውስጥ ተከምሮ አይቼ በገንዘቤ ልግዛ ብዬ ንብረት ክፍል ገባሁ፣ ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ደብዳቤ አምጣ» አለኝ፣ ደብዳቤ ሳመጣ «ጨረታ ጠብቅ»፣ ከዛ ለጓደኛው «ቀጥቃጭ ነው» ብሎ ሳቀ። አዎ ቀጥቃጭ ነኝ፣ የሱ ቤት ሽንኩርት የሚከተፍበትም ቢላ የቀጥቃጭ ስራ ነው። ይሄ ንቀት እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዛ አንድ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ጋ ሄድኩ፣ «ኦሪጅናል ኒኬል ነው» ብሎ በልጆቹ ምሎ ደህና ብር ተቀበለኝ። በየድኩት፣ አጠፍኩት፣ ሞረድኩት፣ አሲድ ውስጥ ሳስገባው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ አይነት ግራጫ። ስለቱ ምላጭ ነው፣ መስመር ግን የለውም፣ ያዘዘኝ ሰውዬ ደሞ መስመሩን ብሎ ነበርና ቀብዱን መለስኩለት። ነጋዴው ጋ ስመለስ «ብረት ብረት ነው» አለኝ!

ስለዚህ ብር ከመክፈልህ በፊት የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቁራጭ ለምነህ ውሰድ፣ ከፈለገ ያስከፍልህ። በሸካራ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈትገህ ከሞረድ ቁራጭ ጋር ጎን ለጎን ፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆያቸው፣ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤቶች ጋ ጠይቅ፣ ጓንት አድርግ። ሞረዱ ጥቁር ሆኖ መጋዙ ነጣ ካለ ግዛ። ሁለቱም እኩል ከጠቆሩ ቢምልልህም ጥለህ ሂድ።

3. ሞረዱንም ፈትሽ፣ ርካሹ ቆዳው ብቻ ነው ጠንካራ። በጨርቅ ጠቅልለህ በመዶሻ ስበረው፣ እንደ ብርጭቆ ቷ ብሎ ከተሰበረና ውስጡ ደቃቅ ግራጫ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከታጠፈ አይሆንም። ጥርሱን በግራይንደር ሙሉ በሙሉ አውርደው፣ ካልወረደ ቆሻሻ ውስጡ ይቀርና ብየዳው አይይዝም። ብየዳው እንዲይዝ የሚነሰነሰው ቦራክስ ወርቅ ሰሪዎች ጋ አለ። ዚንክ የተቀባ ነገር እሳት ውስጥ አታስገባ፣ ጭሱ ይመርዝሃል።

ባሌስትራውን አትጣለው፣ ለብቻው ቆንጆ ገጀራ ይወጣዋል። ዳማስከሱን ደሞ አሲዱ ከነካው በኋላ በቤኪንግ ሶዳ አጥበህ ወፍራም የቀዘቀዘ ቡና ውስጥ አሳድረው፣ ሞረዱ ይበልጥ ይጠቁራል ኒኬሉን ግን አይነካውም፣ ቡና እንደሆነ እዚህ ሞልቷል። ቁራጭ መጋዝ ከቸገረህ በውስጥ አናግረኝ፣ ለመሞከሪያ የሚሆን እሰጥሃለሁ።