መልስ፦ ከስልጠናው ይልቅ ገንዘቡን እይ

ትምህርት ቤት፣ ባንክና በጎ አድራጎት ድርጅት ተጣምረው የሚሠሩት የቁጠባና የገንዘብ አያያዝ ፕሮግራም ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ በእርግጥ ይጠቅማል ወይ ብለህ ነበር። ይጠቅማል፤ ስልጠና ብቻ ከሆነ ግን ብዙ አትጠብቅ። የሚቆጥበው የሌለውን ሰው ስለ ቁጠባ ማስተማር ምን ይፈይዳል?

ማሟያ ያለው ቁጠባ ካላቸው ግን ግባበት። ቤተሰቡ አንድ ብር ሲያስቀምጥ አጋር ድርጅቱ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ብር ይጨምርበታል። ገንዘቡ የሚወጣው ለትምህርት፣ ለቤት ወይም ለሥራ መነሻ ነው። ሐሳቡን በ1991 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት አሜሪካዊው ምሁር ማይክል ሼራደን ናቸው።

የድንገተኛ ጊዜ ድጎማም ጠይቅ። ተማሪ አንዳንዴ የሚያቋርጠው በትንሽ ነገር ነው፦ ላፕቶፑ ተበላሸ፣ የኪራይ ቀን ደረሰ። ድጎማው በቀናት ውስጥ ካልደረሰ ግን ያው ከንቱ ነው። ከመፈረምህ በፊት፣ ቁጠባውን መሃል ላይ ብታወጣ ማሟያውን ታጣ እንደሆነ አጣራ።