የፒክአፕ ክዳን ከመግዛትህ በፊት የኋላ ስፖንዳህን ፈትሽ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ደብል ጋቢና ፒክአፕ አለህ፤ የሥራ መሣሪያ ትጭናለህ፤ ግማሹ መንገድህ ጠጠርና አቧራ ነው፤ ዝናብም አለ። «ካሶኒው (የኋላ መጫኛው) ላይ ባለ ሦስት እጥፍ የአሉሚኒየም ክዳን ልግጠም ወይስ እንደ መጋረጃ የሚጠቀለለውን?» ነው ያልከው። ለአንተ ሥራ የሚሆነው ታጣፊው ነው። ነገር ግን የትኛውንም ብትገዛ ውሃና አቧራው በአብዛኛው የሚገባው በክዳኑ አይደለም፤ በኋላ ስፖንዳው (ወደ ታች በሚከፈተው የካሶኒው የኋላ በር) ዙሪያና በአራቱ ማዕዘኖች ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን በሙሉ ክዳኑ ላይ አፍስሶ ሲያበቃ የመጀመሪያው ጠጠር መንገድ ላይ መሣሪያው ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ከዚያ «ክዳኑ ፎርጅድ ነው» ይላል። ክዳኑ ምንም አላደረገም።

1. መጀመሪያ ልኬት። ሻጭ «የሁሉም መኪና ይሆናል» ካለህ እዚያው ተወው፤ የሁሉም የሚሆን ክዳን የለም። የአንድ ሞዴል መኪና እንኳ እንደ ጋቢናው ዓይነትና እንደተመረተበት ዘመን የካሶኒው ርዝመትና የጎኑ ከንፈር (የላይኛው ጠርዝ) ይለያያል። የደብል ጋቢና ካሶኒ አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ሜትር አካባቢ ነው፤ «አካባቢ» ግን ለክዳን አይበቃም። የኋላ ስፖንዳውን ዝጋና ከፊት ግድግዳው የውስጥ ጠርዝ እስከ ስፖንዳው የውስጥ ጠርዝ ድረስ መሃል ላይ በሚሊሜትር ለካ። ስፋቱን ከፊትም ከኋላም ውሰድ።

አሁን ማንም የማይነግርህን ልኬት ውሰድ፤ ሰያፉን። ከግራ ፊት ማዕዘን እስከ ቀኝ ኋላ፣ ከዚያ ከቀኝ ፊት እስከ ግራ ኋላ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ወይም በጣም የተቀራረቡ መሆን አለባቸው። ከ6 ወይም 7 ሚሊሜትር በላይ ከተለያዩ ካሶኒው ተጣሟል ማለት ነው፤ ወይ ተገጭቶ ነበር፣ ወይ ከልክ በላይ ተጭኖበታል። በተጣመመ ካሶኒ ላይ ጠንካራ ክዳን ስትገጥም አንዱ ማዕዘን ሁልጊዜ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ክላምፑን (ክዳኑን ከካሶኒው ጠርዝ ጋር የሚይዘውን ማጥበቂያ) አጥብቀህ ልታስተካክለው ብትሞክር የጎኑን ላሜራ ታጎብጠዋለህ። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ባቲላሜራ ዘንድ ሂድ፣ ወይም የሸራውን ክዳን ውሰድ፤ ሸራ ትንሽ ጥመትን ይችላል።

2. ፕላስቲኩን እይ። ካሶኒህ የፕላስቲክ ልባስ ካለው ልባሱ የጎኑን ከንፈር ያለብሰዋል ወይስ ከከንፈሩ ሥር ያበቃል? ከሥር ካበቃ ችግር የለም። ከንፈሩን ካለበሰው ግን ክላምፑ የሚነክሰው ፕላስቲክ ይሆናል። ፕላስቲክ ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ዛሬ ያጠበቅከው ክላምፕ በወሩ ይላላል። ክላምፑ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ፣ ከክላምፑ በሁለቱም ጎን አንዳንድ ሴንቲሜትር ትርፍ ሰጥተህ፣ ፕላስቲኩን ቁረጠውና ክላምፑ የካሶኒውን ብረት እንዲነክስ አድርግ። በብረቱና በክላምፑ መካከል ስስ የጎማ ቁራጭ አስገባ፤ አለበለዚያ ቀለሙን ይፍቀውና ዝገት ከዚያ ይጀምራል። ከጋቢናው ኋላ የብረት ቅስት ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ለቅስቱ እግር ተብሎ የተቆረጠ ክዳን ጠይቅ። ክዳኑን ራስህ ለመቁረጥ አታስብ፤ የፓነሉ ውስጥ ፎም ስለሆነ አንዴ ከተከፈተ ውሃ ይጠጣል።

3. ለምን ተጠቅላዩን እንዳልመረጥኩልህ። የሚጠቀለልበት ሣጥን ከፊት ግድግዳው ጋር ተጣብቆ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር የሚሆን ቦታ ይወስድብሃል። ከ1.5 ሜትር ላይ 30 ሴንቲሜትር ስታነሳ አንድ አምስተኛው ሄደ ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ሐዲዱ ነው። የተጠቅላይ ክዳን ጫፎች በጎንና በጎን ባለው ጠባብ ሐዲድ ውስጥ ይንሸራተታሉ፤ የጠጠር መንገድ ደቃቅ አሸዋ ሐዲዱ ውስጥ ይቀመጥና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈቀፍቀዋል። አስፋልት ላይ ብቻ ለሚነዳ ሰው ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለአንተ አይደለም። በዚያ ላይ ሐዲዱ ደረቀ ብሎ ግራሶ የሚቀባ ሰው አለ። እባክህ እንዳታደርገው፤ ግራሶ አሸዋውን ይዞ ያስቀምጠዋል። ሐዲድ በውሃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ደረቅ ሲሊኮን ስፕሬይ ይነፋበታል።

የሸራው ቀላልና ርካሽ ነው፤ በቢላዋ ይቀደዳል፤ መሣሪያ ለሚጭን አልመክርም። አንድ ወጥ የሆነው የፋይበርግላስ ክዳን ከሁሉም የተሻለ ይዘጋል፤ ነገር ግን ከፍ ያለ ዕቃ መጫን ሲያስፈልግህ ክዳኑን አውርዶ የሚያስቀምጥልህ ሁለተኛ ሰውና ቦታ ይፈልጋል።

ተራ ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፤ ከዚህ በኋላ ያለው በአብዛኛው ስለ አንድ ነገር ነው፣ ስለ ስፖንዳው።

አቧራ እንዴት እንደሚገባ ከገባህ ሥራው ግማሽ አለቀ። መኪናው ሲሄድ ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል፤ ጎማው ያነሳው አቧራ እዚያ ይሽከረከራል። ክዳኑ የተዘጋ ካሶኒ ደግሞ ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ አየር ይስባል። ትልቁ ቀዳዳ የት ነው? የኋላ ስፖንዳውን ክፈትና ከታች ማጠፊያው ጋር ጎንበስ ብለህ እይ። በካሶኒው ወለልና በስፖንዳው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። መኪናው ሲሠራ ለአሸዋና ለእህል ተብሎ አልታሸገም፤ ውሃው በዚያ እንዲወጣ ነው የተተወው። ክዳን ስትገጥም ያ ክፍተት የአቧራ በር ይሆናል።

በነገራችን ላይ ይኸው መሳብ የጭስ ማውጫውን ጋዝም ያስገባል። በተዘጋ ክዳን ሥር ሰውም እንስሳም አይጫንም፤ ለአጭር መንገድም ቢሆን። የቤንዚን ጀሪካንም እንደዚያው፤ ትነቱ መውጫ ያጣል።

ስለዚህ ከክዳኑ ጋር የስፖንዳ ጎማ ግዛ። ከ3 እስከ 4 ሜትር ይበቃሃል፤ ለሁለቱ ጎኖችና ለታችኛው ክፍተት ነው። ለጎኖቹ ባዶ ቱቦ ያለው ክብ ጎማ፣ ለታች ደግሞ እንደ ምላስ የሚዘረጋ ጠፍጣፋ ጎማ ይሻላል፤ ስፖንዳው ወደ ታች ሲከፈት ክቡ ጎማ ተቆንጥጦ ስለሚቀደድ ነው። የክቡ ጎማ ውፍረት ስፖንዳው ሲዘጋ ሲሶው ያህል የሚጨመቅ ይሁን። «ወፍራሙ የበለጠ ያሽጋል» ብለህ ከልክ ያለፈውን ከለጠፍክ ስፖንዳው በጉልበት ነው የሚዘጋው። ከዚያ አንድ ቀን አንደኛው ወገን ብቻ ይቆለፍና ሌላኛው ሳይቆለፍ ይቀራል፤ ጉድጓድ ላይ ሲነጥር ስፖንዳው ይከፈታል፤ መሣሪያህ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱንም ጥግ በእጅህ ሳብ አድርገህ እይ።

አለጣጠፉ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚያበላሸው። ቦታውን በሳሙና እጠብ፣ አድርቅ፣ ከዚያ በአልኮል ጥረግ። በቤንዚን ወይም በናፍጣ አትጥረግ፤ የማይታይ ቅባት ትቶ ይሄዳል፤ ማጣበቂያው በሳምንት ይላቀቃል። ብረቱ ለእጅ ለብ ያለ ሲሆን ለጥፍ፤ በብርድ ጠዋት አይሆንም። ጎማውን ስትለጥፍ አትሳበው፣ አስተኝተህ በአውራ ጣትህ ተጫነው። የተሳበ ጎማ ውሎ አድሮ ወደ ልኩ ይመለስና ማዕዘኑ ላይ ክፍተት ይተዋል፤ ውሃ የሚፈልገው ደግሞ ያንን ማዕዘን ነው። ማዕዘን ላይ አትጠምዝዘው፤ በ45 ዲግሪ ቆርጠህ ጫፍ ለጫፍ ግጠመው። ከዚያ ቢያንስ 24 ሰዓት ውሃ አይንካው።

መለጠፉ ሲያልቅ በወረቀት ሞክረው። ቀጭን ወረቀት በጎማውና በስፖንዳው መካከል አድርገህ ዝጋና ሳብ። ይዞ የሚያስቸግር ከሆነ ተጨምቋል፤ ዝም ብሎ ከወጣ እዚያ ቦታ አቧራ ይገባል። ሲመሽ ደግሞ የበራ ባትሪ ካሶኒው ውስጥ አስቀምጥ፣ ክዳኑንና ስፖንዳውን ዝጋ፣ መብራት በሌለበት ቦታ መኪናውን ዞረህ እይ። ጎንበስ ብለህ ከሥርም እይ። ብርሃን እንደ ክር የሚወጣበት ቦታ ሁሉ አቧራ የሚገባበት ነው፤ በኖራ ምልክት አድርግበትና ጠዋት አሽገው።

ክዳኑን ስትገጥም ክላምፖቹን መጀመሪያ ላላ አድርገህ አስይዝ። ከፊት ግድግዳ ያለው ርቀት በግራም በቀኝም እኩል መሆኑን በሜትር አረጋግጥ፤ ከዚያ ስፖንዳውን ቀስ ብለህ ዝጋና የክዳኑን ጫፍ አለመምታቱን እይ። ከፊት ጀምረህ አንዱን ከግራ አንዱን ከቀኝ እያፈራረቅህ አጥብቅ። ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ አትጠቀም፤ አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ ይበላል። የመጀመሪያውን ሳምንት የጠጠር መንገድ ከነዳህ በኋላ ሁሉንም እንደገና ዳስስ፤ አንድ ሁለቱ መላላቱ አይቀርም።

የውሃ መውረጃውን እንዳትረሳ። የብዙ ክዳኖች የጎን ሐዲድ ውሃ ሰብስቦ በፊት ማዕዘኖቹ በቀጭን ቱቦ ወደ ታች ይለቃል። ቱቦው በካሶኒው ቀዳዳ አልፎ ከመኪናው ሥር መውጣት አለበት። ገጣጣሚው ቸኩሎ ጫፉን ካሶኒው ውስጥ ከተወው ሐዲዱ የሰበሰበው ውሃ በሙሉ ዕቃህ ላይ ይወርዳል፤ «ክዳኑ ያፈሳል» የሚባለው ስንት ጊዜ ይኼ ሆኖ ተገኝቷል። ለቱቦው አዲስ ቀዳዳ በትራፓኖ ከተበሳ ጠርዙ ፀረ ዝገት ይቀባ፣ የጎማ ቀለበት ይግባበት። ቱቦው በቅጠልና በጭቃ ሲደፈን ከሥር በቀስታ አየር ንፋበት፤ ኃይለኛ ኮምፕረሰር ከላይ ከሰጠኸው ከመጋጠሚያው ይነቀላል።

ለመፈተን ደረቅ ካርቶን ወለሉ ላይ ዘርግተህ ክዳኑንና ስፖንዳውን ዘግተህ ለ10 ደቂቃ በውሃ ማጠጫ ጎማ ከላይ ውሃ ልቀቅበት። የረጠበው የካርቶን ቦታ ይነግርሃል፤ ፊት ማዕዘን ከሆነ ቱቦው ወይም በክዳኑና በፊት ግድግዳው መካከል ያለው ማሸጊያ ፎም፣ መሃል ከሆነ የፓነሎቹ መጋጠሚያ፣ ኋላ ከሆነ ስፖንዳው ነው። ሁለት ሦስት የውሃ ጠብታ ከታየ አትደንግጥ፤ ከባሕር ሰርጓጅ ጋር አናወዳድረው። መሣሪያህን ወለሉ ላይ በቀጥታ አታስቀምጥ፤ ከሥሩ ጎድጎድ ያለ ጎማ ዘርጋ።

ሌባን በተመለከተ፦ ታጣፊ ክዳን የሚከፈተው ስፖንዳው ከተከፈተ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ስፖንዳህ ካልተቆለፈ ክዳንህ አልተቆለፈም። በቁልፍ የማይቆለፍ እጀታ ካለህ ባለ 12 ቮልት የመቆለፊያ ሞተር ከሴንትራል ሎክ ጋር ይገናኛል። ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦውን በማጠፊያው በኩል ሲያሳልፍ በሚተጣጠፍ ቱቦ ውስጥ ያስገባው፣ ትርፍ ርዝመትም ይተውለት፤ አለበለዚያ ስፖንዳው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እየታጠፈ ይበጠሳል። ስፖንዳው ራሱ ከማጠፊያው ወጥቶ እንዳይወሰድ በሚወጣበት በኩል ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) እሰርበት፤ በጣም ትንሽ ገንዘብ ነው።

ክዳኑን ግማሹን አጥፈህ ከነዳህ ማሰሪያውን ሁልጊዜ እሰር። ሙሉ በሙሉ ወደ ጋቢናው ሲቆም የኋላ መስታወትህን ሊሸፍን ይችላል፤ ያኔ በጎን መስታወት ብቻ ነው የምትነዳው። የማሸጊያ ጎማዎቹን በየሦስት ወሩ እጠብና ሲሊኮን ስፕሬይ ንፋባቸው፤ ዘይትና ግራሶ ጎማውን ያሳብጠዋል። ነዳጅ ይቆጥባል ብለው ከሸጡልህ ግን በዚያ ተስፋ አትግዛ።

የሰያፍ ልኬቱን ስትወስድ ሁለቱንም ቁጥር እዚሁ ጻፍልኝ፣ የስፖንዳውን የታችኛውን ክፍተትም ፎቶ አንሳው፤ የትኛው ውፍረት ያለው ጎማ እንደሚሆንህ አይተን እንነግርሃለን።